ሞተር ለቤተሰብ ማስተማር፦ «ከቤተሰብ የተሻለ አስተማሪ የለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው ለረጅም ዓመታት ሞተር የነዱ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውንም የወንድሞቻቸውንም ልጆች ራሳቸው እንዳስተማሩ ይናገራሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞተር ለመልመድ ከቤተሰብ የተሻለ አስተማሪ የለም። ብስክሌት ወይም መኪና የሚችል ሰው ግማሹን ጨርሷል። ጀማሪው ለወደፊት በሚነዳው ትልቅ ሞተር ከመጀመሪያው ይልመድ፤ የፊት ፍሬን አይንካ። አስተማሪው ከኋላው ተፈናጦ ያርመው። ፍርሃቱ እንዲለቀው ቶሎ ዋና መንገድ ይውጣ። ለልምምድ ያህል ሄልሜትና ጓንት ግድ አይደለም። መንጃ ፈቃዱን የያዘ ዕለት የቤተሰቡ ሥራ ያበቃል።

ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ ያስታውቃል። ልጁን ሞተር አትንዳ ብሎ ከመከልከልና ልጁ ተደብቆ ከጓደኛው እንዲማር ከማድረግ ጸሐፊው የመረጡት መንገድ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከራቸውም። በዝርዝሩ ግን አንለያይም ማለት አልችልም። እኔ እንደማየው የቤተሰብ ድርሻ ጀማሪው በየትኛው ሞተር፣ ምን ለብሶ፣ የትና መቼ እንደሚለማመድ መወሰን፣ ከዚያም እስኪበቃ ድረስ ከአጠገቡ አለመጥፋት ነው። አነዳዱን ራሱን ማሳየት ግን ለሠለጠነ ሰው ቢተው ይመረጣል።

ከመጀመሪያው ነጥብ እንነሳ። በሞተር አደጋ ጥናት ደጋግሞ የሚጠቀሰው የሃሪ ኸርት ሥራ ነው። ኸርትና ባልደረቦቹ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መረመሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ሞተር የለመዱት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። ይህን ቁጥር ብቻውን አንጠልጥዬ ጸሐፊውን ረታሁ ማለት አልፈልግም። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው የሚለምደው እንደዚያ ከነበረ፣ አደጋ ያልደረሰበትም ቢሆን ከቤተሰቡ የተማረ ሆኖ መገኘቱ አይደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሥልጠና ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነው የኮክሬን (የጤና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማም የትኛው ዓይነት ሥልጠና አደጋን እንደሚቀንስ አፍ ሞልቶ የሚያናግር ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ማሠልጠኛ መግባት ከአደጋ ይጠብቃል ብዬ አልምልም።

ከ92 በመቶው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እዚያው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ግኝት ነው። ነጂዎቹ አደጋ ሲመጣባቸው በአብዛኛው የኋላውን ፍሬን ከልክ በላይ ረግጠው ጎማውን አንሸራትተዋል፤ የፊቱን ግን በወጉ አልተጠቀሙበትም። ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ በተለመደው አደጋ ከ2 ሰከንድ ትንሽ ያነሰ ነበር። በዚያች ቅጽበት እጅና እግር የሚያደርጉት በቃል የተነገራቸውን አይደለም፤ ሲደጋግሙት የኖሩትን ነው። ብዙ ዓመት የነዳ አባት ደግሞ የራሱ እጅ ምን እንደሚሠራ ላያውቀው ይችላል። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ምን ታደርጋለህ ቢሉት፣ መሪውን ወደ ቀኝ አዞራለሁ ይላል፤ ወይም ሰውነቴን ወደ ቀኝ አጋድላለሁ ይላል። ሞተሩ ፍጥነት ከያዘ በኋላ እጁ የሚያደርገው ሌላ ነው። የመሪውን የቀኝ እጀታ ወደ ፊት ይገፋል፤ የፊቱ ጎማ ለአፍታ ወደ ግራ ፈቀቅ ይላል፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድልና ይታጠፋል። እጁ ለምዶታል፣ አፉ ግን አይናገረውም። ልጁ ኩርባ ላይ ፈጥኖ ገብቶ ሲደነግጥ አባቱ እንደነገረው መሪውን ወደ ቀኝ ሊያዞር ቢሞክር፣ ሞተሩ ይባስ ወደ ውጭ ይዞት ይሄዳል። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን ለይቶ ያውቃል፤ ሰፊ ሜዳ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት እጀታውን በቀስታ እንዲገፋ አድርጎ ያሳየዋል።

ሌላው የዝምድናው ነገር ነው። አባቱ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ የሚያየው ልጅ ደክሞኛል አይልም። ባሏ የሚያስተምራት ሚስት ሞተሩን ሁለት ጊዜ ካጠፋችው በኋላ ሐሳቧ ከፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ከሚያላቅቀው እጀታ) ወጥቶ ባሏ ፊት ላይ ያርፋል። ታናሽ ወንድም ታላቁን ላለማሳፈር ሲል ያልቻለውን ችያለሁ ይላል። ባዳ አሠልጣኝ ፊት ግን ሰው አልገባኝም ለማለት ብዙም አያፍርም። ቤተሰብ የሚበልጥበት ቦታ ግን አለ። ማሠልጠኛ ጥቂት ሰዓት ይሰጥና ያሰናብታል፤ የተማረውን በየሳምንቱ ሜዳ ወስዶ የሚያስደግመው፣ ኮኖቹን የሚደረድርለት፣ ሲመሽ በቃ እንሂድ የሚለው የቤቱ ሰው ነው። ጸሐፊው ለዚህ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ከቤተሰብ ይገኛል ያሉት ልክ ነው።

ብስክሌትና መኪና የቻለ ግማሹን ጨርሷል የሚለውን ደግሞ በከፊል እቀበለዋለሁ። ብስክሌት ሚዛን ያስተምራል፤ መኪና የመንገድ ምልክትና የቅድሚያ ሕግ ያስተምራል። ግን ሁለቱም ይዘውት የሚመጡት ልማድ አለ፤ ጀማሪውን የሚጥለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ብስክሌት ላይ ሁለቱም እጀታዎች ፍሬን ናቸው። ማርሽ ባለው ሞተር ላይ የግራው ፍሪሲዮን ነው። ብስክሌተኛው ሲደነግጥ በግራ እጁ አጥብቆ ይጨብጣል፤ ሞተሩ ከማርሹ ይላቀቅና ምንም ሳይገታው ወደ ፊት ይንከባለላል። መኪና ነጂው ደግሞ ሁሉንም ጎማ በአንድ እግር ማቆም ለምዷል፤ እዚህ ግን የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋላው በቀኝ እግር፣ ማርሹ በግራ እግር ነው። ከዚህ የከፋው መኪና ነጂ ሌሎች እንደሚያዩት መተማመኑ ነው። በኸርት ጥናት ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የከለከለው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ነበር። በብዛት የደረሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው፤ መኪናው ከፊት የሚመጣውን ሞተር ሳያይ አቋርጦት ሲታጠፍ። ለዓመታት መኪና የነዳ ሰው ቅድሚያ የኔ ነው ብሎ መሄድ ይቀናዋል። ሞተር ላይ ቅድሚያ ቢኖረውም ፍጥነቱን ቀንሶ ጣቶቹን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ማለፍን እንደ አዲስ መልመድ አለበት።

ትልቅ ሞተር ስለመግዛቱ ብዙ አልልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ጀማሪን በደረጃ ነው የሚያሳልፈው፦ መጀመሪያ በመጠን እስከ 125 ሲሲ፣ በጉልበት እስከ 11 ኪሎዋት፣ ቀጥሎ እስከ 35 ኪሎዋት፣ ከዚያ በኋላ ገደብ የሌለው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ለለማጅ ከ660 ሲሲ የማይበልጥ፣ ጉልበቱም ከክብደቱ አንጻር የተገደበ ሞተር ይፈቅዳሉ። እነዚህ አገሮች ይህን ያደረጉት ለቅንጦት አይደለም። ትንሽ ሞተር ይሰለቸዋል የሚለው ስጋት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሲሰለቸው ይሸጠዋል። ሲገዛለት ከሞተሩ ጉልበት በፊት ማየት የሚገባው ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መንካታቸውን፣ ሞተሩን ደግሞ ሳያስነሳው እየገፋ ማዞር መቻሉን ነው። ቆሞ መደገፍ ያልቻለውን ክብደት እየሄደ ሊያዝዘው አይችልም።

አሁን ወደ ፊት ፍሬኑ። ከጽሑፉ ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ለዓመታት ሲነገር የኖረ፣ ጠንቃቃ የሚመስል፣ ግን ሰው የሚጎዳ ምክር ነው። ጸሐፊው የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ ጀማሪ በኋላው ብቻ ይልመድ ይላሉ። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሸጋገራል። የፊቱ ጎማ መሬቱ ላይ ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። በደረቅ አስፋልት አብዛኛውን የማቆም ኃይል የሚሰጠው ስለዚህ የፊቱ ነው፤ በኋላው ብቻ የሚያቆም ሰው ሁለቱን በወጉ ከሚጠቀም ሰው እጥፍ ያህል ርቀት ሊፈጅበት ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ነጂው ገና ሳይነቃ ይህ አልፎታል፤ በቀረው ርቀት ላይ ግማሹን ፍሬን ይዞ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው።

ደግሞም የኋላው ፍሬን ጸሐፊው እንደሚያስቡት የዋህ አይደለም። ደንግጦ የረገጠው ሰው ጎማው ይታሰርና ሞተሩ ጅራቱን ወደ ጎን ይጥላል። ሰውዬው ይህን ሲያይ እግሩን ድንገት ካነሳ፣ ጎማው እንደገና መሬት ይይዝና ሞተሩ በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲል ነጂውን አሻግሮ ይወረውረዋል። ሞተረኞች የሚፈሩት አወዳደቅ ይህ ነው።

የፊት ፍሬን መጥፎ ስም ያወጣው አጨባበጡ ነው። ጀማሪ በአራት ጣቱ ቀጭ አድርጎ ይይዘዋል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሳይሸጋገር ጎማው ይታሰራል፤ ሞተሩ ከሥሩ ይከዳዋል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን ማስተማር ነው። መጀመሪያ ሁለት ጣት፣ ፍሬኑ ገና መያዝ እስኪጀምር ብቻ፤ የፊቱ አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው ክፍል) ዝቅ ሲል በእጅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ጭመቁን መጨመር፣ ሞተሩ ሊቆም ሲል ደግሞ ማላላት። ይህን ሰው ከሚራመድበት በማይበልጥ ፍጥነት፣ ቀጥ ባለ መሬት፣ መሪው ሳይታጠፍ ይጀምሩታል። መሪው ታጥፎ ወይም ኮረትና አሸዋ ላይ ሲሆን የፊቱን መጨበጥ ይጥላል፤ እዚህ ላይ የጸሐፊው ስጋት ትክክል ነው፤ ጀማሪውም ገና ከመጀመሪያው ሊያውቀው ይገባል። ኤቢኤስ ያለው ሞተር ከተገኘ ይመረጣል፤ ጎማው እንዳይታሰር ራሱ ይቆጣጠራል። አውሮፓ ውስጥ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ ሞተር ግዴታ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ኤቢኤስ ኖረም አልኖረም ግን፣ የፊት ፍሬኑን ሳይነካ ያደገ ነጂ ያቺ ከ2 ሰከንድ ያነሰች ጊዜ ስትመጣ ወይ ረስቶት ይጋጫል ወይ በፍርሃት አንቆ ይዞት ይወድቃል።

ተፈናጦ ማረም የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ከጎኑ መሆን ያጽናናል። ግን ማሠልጠኛ መኪና ለአሠልጣኙ ሁለተኛ ፍሬን ሊኖረው ይችላል፤ ሞተር ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚደርስበት ምንም የለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ገና ሚዛኑን ባልቻለ ልጅ ላይ የአዋቂ ሰው ክብደት መጨመር ነው፤ ያውም ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋላ። የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል፣ መቆሚያው ርቀት ይረዝማል።

የጀማሪ የመጀመሪያ ድንጋጤ ምን እንደሚመስል በቅርብ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይለቀዋል። ሞተሩ ይፈተለካል። ሰውነቱ ወደ ኋላ ሲቀር የቀኝ እጁ እጀታውን እንደያዘ አብሮ ይጎተታል፤ አንጓው ሲጠመዘዝ ነዳጅ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ሰውነቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንጓው ይበልጥ ይጠመዘዛል። ከኋላው ሰው ካለ እሱም ወገቡን ይዞ ይጎትተዋል። ከዚህ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የግራ እጁ ፍሪሲዮኑን መጨበጡ። ስለዚህ ማንኛውም ሌላ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት መደጋገም ያለበት ይህ ነው። ሁለቱ እግሮች መሬት ላይ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ፍሪሲዮኑን በጥቂት በጥቂቱ መልቀቅ፤ ሞተሩ መሳብ ሲጀምር እዚያው መያዝ፤ አንድ ርምጃ ሲራመድ መልሶ መጨበጥ። ይሰለቻል። ታናናሽ ወንድሞች በተለይ አይወዱትም። ግን ጣቶቹ ሳያስብ እስኪጨብጡ ድረስ ወደ ሌላው ማለፍ አያስፈልግም፤ የቀኝ እጅ አንጓም ከእጀታው በታች ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ከዚሁ ጋር ይለመዳል።

መጮኽም አይሠራም። ሄልሜት ያደረገና ሞተር ያስነሳ ሰው የሚሰማው ጩኸቱን እንጂ ቃሉን አይደለም፤ ምን አልከኝ ብሎ ዘወር ሲል ሞተሩም ወደዘወረበት ይሄዳል። ዓይን ወዳየበት ሞተር መሄዱ ቀልድ አይደለም። ጀማሪ ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ለምን እንደሚወድቅ ማወቅ የፈለገ ሰው ዓይኑን ይከተል፤ የፊት ጎማውን እያየ ነው። አገጩን አንስቶ መውጫውን እንዲያይ ማድረግ ከሌላው ምክር ሁሉ ይበልጣል። ይህን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቆመው ሳሉ ይነግሩታል፤ ሲነዳ የእጅ ምልክት ይበቃል።

ፍርሃት እንዲለቅ ቶሎ ዋና መንገድ መውጣት የሚለው ላይ የእንግሊዝን አሠራር ላንሳ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለማጅ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሠረታዊ ሥልጠና መውሰድ አለበት። መጀመሪያ ከመንገድ ውጭ ይለማመዳል፤ አሠልጣኙ ካላመነበት አይወጣም፤ ሲወጣም ቢያንስ 2 ሰዓት ይነዳል፣ አንድ አሠልጣኝ ከሁለት ለማጅ በላይ ይዞ መውጣት አይችልም፣ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። ሬዲዮ የሌለው ቤተሰብም ቢሆን መመዘኛውን መውሰድ ይችላል። ድንገት ቁም ሲባል ጎማ ሳያስር ይቆማል? በዝግታ ሙሉ ዙር ሲዞር እግሩን መሬት አያወርድም? ዞር ብሎ ከኋላ ያለውን ሲያይ መስመሩን ሳይለቅ ይሄዳል? ካልሆነ ሜዳው ላይ ይቆይ። ሲወጡ ደግሞ ጸሐፊው ተከተለኝ በሉት ይላሉ፤ እኔ ግን ለማጁ ከፊት ቢሆን እመርጣለሁ። ከኋላ ያለ ለማጅ ላለመቅረት ሲል አቅሙን ያልፋል፤ ከፊቱ ያለው ሲቀድም ይቀድማል፣ መስቀለኛ መንገዱንም እሱ ስላለፈ ብቻ ተከትሎ ይገባል። ከፊት ሲሆን ፍጥነቱን ራሱ ይወስናል፣ ከኋላው የሚመጣውንም መኪና አጃቢው ይይዝለታል።

ሄልሜት ለልምምድ ግድ አይደለም ላሉት፣ ቆሞ ካለ ሞተር ላይ እንኳ የሚወድቅ ሰው ራስ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ መሬት ሲደርስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል። ሞተሩ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። በኸርት ጥናትም የግጭቱ መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሰው ፍጥነት ብሎ የማይጠራው ማለት ነው። የኮክሬን ሌላ ግምገማ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ቤተሰብ ውስጥ ያለው ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄልሜት አለመኖሩ አይደለም፤ የአባትየውን ሄልሜት ሁሉም መዋዋሱ ነው። ለእሱ የተለካው ለሴት ልጁ ይሰፋል። ማሰሪያውን አስሮ ከማጅራቷ በኩል ወደ ላይና ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ነው፤ ከወለቀ የእሷ አይደለም። አንድ ጊዜ የወደቀ ሄልሜት ደግሞ ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፤ ለጀማሪ ይበቃታል ተብሎ አይሰጥም። ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማም እንደዚሁ፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያወጣው እጁን ነው።

የመጨረሻው የጸሐፊው ነጥብ መንጃ ፈቃድ ሲመጣ ሥራው አለቀ የሚለው ነው። በኸርት ጥናት አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሞተር የነዱበት ዘመን በአማካይ ወደ 3 ዓመት ቢጠጋም፣ አደጋው በደረሰበት ሞተር ላይ ግን ከ5 ወር ያነሰ ልምድ ነበራቸው። ሞተር በተለወጠ ቁጥር ክብደቱ፣ የፍሬኑ አያያዝ፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ይለወጣል። ልጁ ትንሹን ሸጦ ትልቁን የገዛ ዕለት ወይም የአጎቱን ሞተር ተውሶ ሊወጣ ሲል፣ ፈቃድ አለኝ ቢልም ሜዳው ላይ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን ልምምድ እንደገና ያድርግ። እህቱን አፈናጦ መውጣትም በዚያው ሞተር ብቻውን ብዙ ከነዳ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሞተሩን ቁልፍ የሚሰጠው ወላጅ የኋላው መቀመጫ ባዶ መሆኑን አይቶ ይስጠው።